ሠላሳ አንድ ከመቶ

— ሄሎ?… አቤት፣ አቤት ጋሼ!… ደህና ነኝ፣ ተመስገን። እርስዎስ?… ምን ወጣ?… ዝርዝር? የምን ዝርዝር?… ቆይ፣ ቆይ ጋሼ፣ ማን ነው ያለው?… «ተባለ» ማለት ማነው? «ተባለ» የሚባል ሠራተኛ በፋብሪካው የለም። የሁላችሁንም ማህደር የምይዘው እኔ ነኝ፤ ቢኖር አውቀው ነበር።

— ሬዲዮ? ያ «ሬዲዮ» የምንለው የመጋዘን ሠራተኛ?… ይተዉት እንጂ! እሱ አይደለም እንዴ ባለፈው ዓመት «ፋብሪካው ተሸጠ» ብሎ መቁረጫ ክፍሉን በሙሉ ያስለቀሰው?… ተሸጠ እንዴ? የተሸጠውማ አሮጌው ሚዛን ነው። ወሬ በኪሎ ቢሸጥ ሬዲዮ ይሄኔ የራሱ የጫማ ፋብሪካ በኖረው።

— እሺ… እሺ… ሰማሁ፤ ዝርዝር ወጥቷል። ሲሉኝ ሦስተኛዎ ነው ጋሼ።… እኔማ ቤት ነኝ፤ ለሙያ ብቃት ምዘናው የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ የለ? ሞጁሉን አልጋው ላይ ዘርግቼ እንደ ዳዊት እደግማለሁ።… ነገ ነው እንጂ! ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት መዛኞቹ ፊት እቀርባለሁ። ነገ ይሄኔ የእህትዎ ልጅ በሰው ኃይል አስተዳደር ብቁ ናት የሚል ወረቀት… ይሳቁ፣ ይሳቁ! አሥረኛ ክፍል ላይ የቀረች ልጅ፣ አስተማሪ ሳታይ፣ በተውሶ ሞጁል… እሺ፣ የእኔ ይቅር። ከኋላዎ የሚጮኸው ማነው? ምሳ አልበሉም እንዴ?

— እማዬ! የስፌት መኪናውን አንዴ አቁሚው፣ አልሰማም!… ጋሼ ናቸው!… ሰላም ይሉሻል!… ሰላም ብላዎታለች። የሰው ቀሚስ እያጠበበች ነው፣ ደህና ናት።

— እና የስንት ሰው ስም አለበት ይላል ሬዲዮ?… ሃያ አራት።

— …ሃያ አራት? እርግጠኛ ነዎት?… አይ፣ ምንም። እንዲሁ ነው የጠየቅኩት። ወሬ ሲሆን ሃምሳ፣ መቶ ነው የሚባለው፤ ሃያ አራት ትንሽ… የተቆጠረ መሰለብኝ። በዓይንዎ አይተውታል ወይስ…?… ፎቶ? በማን ስልክ?… ሙጫ ቀቢዋ ስልክ ላይ። አጠገብዎ ናት?… እስቲ አንድ ጊዜ አሳዪኝ ይበሏት። ምን ይመስላል?… ሠንጠረዥ። እሺ። ዓምዶቹን ይቁጠሩልኝ። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን… ስድስት።

— ያንብቡልኝ።… ስም… አገልግሎት… ትምህርት… መቅረት… ማስጠንቀቂያ… ድምር።

— አለሁ። አለሁ ጋሼ፣ አልጠፋሁም። ድምሩ ከስንት ነው?… ከመቶ። ከላይስ ምን ይላል? ርዕስ የለውም?… ምንም? ከስም ነው የሚጀምረው?… አይ፣ ድምፄ ደህና ነው። ጉንፋን ነገር ይዞኝ ነው።… እማዬ፣ ውሃ ስጪኝ እስቲ።… አልገረጣሁም። ሙቀቱ ነው።

— እና እርስዎ አራተኛ… ማለቴ፣ እርስዎ አሉበት ወይ? ማለቴ ነው።… እንዴት አወቅሽ? አላወቅኩም! ገመትኩ እንጂ። ዕድሜዎ ገፋ ስላለ ገመትኩ፣ አይቆጡ።… አዎ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቆዳ ቆርጠዋል፤ ማን ይክዳል? ያን ቢላዋ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅበት የለም።… ሃያ ሁለት ዓመት፣ አዎ ጋሼ።

— ምን? ምኑን ነው የምጽፍላችሁ?… የመልቀቂያ ደብዳቤ? ለማን?… ለሙጫ ቀቢዋ። ለምን ትለቃለች?… እ?… ይህን ደግሞ ማን አመጣው? «ዛሬ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ የስድስት ወር ደሞዝ ይዞ ይወጣል፣ ዝርዝሩ እስኪፈረም የጠበቀ ባዶ እጁን ይሄዳል»… ጋሼ፣ ይሄ ተገልብጧል! በደንብ ይስሙኝ፤ ድርጅቱ ራሱ ሲቀንስዎት ነው ካሳ የሚገባዎት። ራስዎ ለቅቄያለሁ ብለው ከፈረሙማ ምንም አትስጡኝ ብለው ፈረሙ ማለት ነው! ሞጁል አምስት ላይ አለ፣ ይኸው እጄ ላይ ነው፣ ላንብብልዎት?… ምን ላድርግ ነው የምትለው?… አትጻፍ! አትጻፍ ይበሏት! ስንት ሰው ነው እየጻፈ ያለው?… ስድስት?! ወደ ሰባት?! ወይኔ!… መቼ ነው የሚሰጡት?… ሰባት ሰዓት ላይ ቢሮው ሲከፈት። አሁን ስንት ሰዓት ነው?… ስድስት ተኩል።

— ምንም አይደለም እማዬ… ስለ ምዘናው ነው። ብርጭቆውን እዚያ አስቀምጪው። ሂጂ፣ ቀሚሱን ጨርሺ።

— ጋሼ፣ ይሰሙኛል?… ያ ዝርዝር እውነተኛ አይደለም። … በቃ አውቃለሁ። … እንዴት ማለት… ደብዳቤ ቁጥር አለው? የለውም። ማኅተም አለው? የለውም። ፊርማ? የለውም። እንግዲህ! ያለ ቁጥር ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ዝርዝር የለም። እኔ አይደለሁም እንዴ ቁጥር የምሰጠው? … ሬዲዮ ምን ይላል?… «ከሰው ኃይል ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው የተነሳው፣ ገና ሊፈረም ነው»። ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ… እ… እሱማ… ምናልባት… ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ… የእኛ ሰዎች ስም በሌላ ቅርንጫፍ ምን ይሠራል፣ አዎ፣ ልክ ነዎት።

— ማን ናት የምታለቅሰው?… ሙጫ ቀቢዋ። ስንተኛ ናት እሷ?… ሁለተኛ። ሃያ ስምንት ነጥብ። አዎ። በመቅረት ነው… ትታመማለቻ፣ የሙጫው ሽታ ነው ደረቷን… አላየሁም ጋሼ! ፎቶውን መቼ ላኩልኝ? አውቃታለሁ እንጂ፣ ማህደሯን…

— ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ከሰው ራቅ ይበሉ። … አዎ፣ አሁኑኑ። ወደ ቆዳ ማጠቢያው በኩል ይሂዱ፤ እዚያ ምሳ ሰዓት ሰው የለም።… ይሂዱ፣ እጠብቃለሁ።… ደረሱ? ብቻዎን ነዎት? ዙሪያዎን ይዩ እስቲ።

— ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

— …ሄሎ?… ጋሼ?… ሄሎ፣ ይሰሙኛል?… እኔ። እኔ አልኩ። በገዛ እጄ።

— አይ፣ ማንም አላዘዘኝም! የልምምድ ሥራ ነው፤ ለምዘናው የሚቀርብ፤ ቁጥር ሰባት። «አንድ ድርጅት ሠራተኛ ለመቀነስ ቢገደድ ሃያ አራት ሰው በነጥብ ለይታችሁ አሳዩ» ይላል። በቃ የተማሪ የቤት ሥራ ነው ጋሼ! ቅነሳ የለም፤ ከእኔ ደብተር በቀር በየትም የለም! … ስማችሁ እንዴት ገባ?… ሞጁሉ የፈጠራ ስም አውጡ ነው የሚለው። አብረውኝ የሚመዘኑት ሁሉ «ሠራተኛ ሀ፣ ሠራተኛ ለ» እያሉ ጻፉ። እኔ… የሰው ሁሉ ማህደር እጄ ላይ እያለ ሠራተኛ ሀ ልበል? የእነሱ የልጅ ዕቃ ዕቃ፣ የእኔ ግን የእውነት ይሁን ብዬ ነው። ኩራት ነው ጋሼ። ሌላ ምን ይባላል? አሥረኛ ክፍል ናት እንዳይሉኝ።

— ቤት ፕሪንተር የለኝ፣ ቢሮ አተምኩት። ከዚያ ለኃላፊው ሰጠሁት፤ የልምምድ ተቆጣጣሪዬ እሱ ነው፣ አይቶ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ብሎ ካልፈረመበት መዛኞቹ አይቀበሉኝም። የፊት ገጽም ነበረው እኮ! በትልቁ «የልምምድ ሥራ» የሚል። «ጠረጴዛው ላይ ተዪው፣ አየዋለሁ» አለኝ፤ ተውኩት፤ ፈቃዴን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ አንዱ ገብቶ ሠንጠረዡን ብቻ ፎቶ አንስቶት ነው። … የኃላፊው ሹፌር ይሁን ሬዲዮ ራሱ ምን አውቃለሁ?

— አልተናገርኩማ። ፈራሁ ጋሼ። አሁንም እየፈራሁ ነው። የሞጁል አንድ የመጀመሪያው ገጽ ምን እንደሚል ያውቃሉ? «የሠራተኛ ማህደር ምስጢር ነው።» በቃ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር! የሁላችሁን ሕመም፣ የሁላችሁን ማስጠንቀቂያ አውጥቼ ወረቀት ላይ ዘረገፍኩት። ይህ ከተሰማ ነገ መዛኞቹ ፊት መቅረቤ ይቅርና ሥራዬም… አለቀልኝ ማለት ነው። የፈሩት ይደርሳል ይሏል ይሄ ነው።

— ምን?… ለእርስዎ ስንት እንደሰጠሁ?… ጋሼ፣ አሁን እሱ ምን ያደርግልዎታል?… ፎቶው ደብዝዞ አልታይ አለዎት?

— ሠላሳ አንድ።

— ከመቶ።

— ትምህርት ላይ ዜሮ፤ ማስረጃ ማህደሩ ውስጥ የለም። መቅረት… ሦስት ቀን ያለ ፈቃድ። … አውቃለሁ። አውቃለሁ ጋሼ። እማዬ የተኛች ጊዜ ነው። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፈው ያደሩት እርስዎ፣ እግርዎ ላይ የተኛሁት እኔ። እንዴት ልርሳው? ማህደሩ ግን «ያለ ፈቃድ የቀረ» ነው የሚለው፤ ምክንያት አይልም። «መዛኝ ከማስረጃ በቀር ምንም አይይ» ይላል ሞጁሉ። እኔም… አላየሁም። ለእርስዎ ብጨምር ኃላፊው «አጎቷ ስለሆኑ ነው» ይላል ብዬ… ልንገርዎት? ቀነስኩ። ሠላሳ ሦስት ነበር የሚደርስዎት። ለዘመዷ አዳላች እንዳልባል ሁለት ቀነስኩ። ያን ቀን ደግሞ ምን ያህል ኮርቼ እንደነበር!

— ይቆጡኝ። ይስደቡኝ።

— …ምን አሉ?… «እኔ ተማሪ ቤት ከሃያ አልፌ አላውቅም፣ ሠላሳ አንድ ምን አነሰኝ»… ጋሼ! በዚህ ሰዓት ይቀልዳሉ? እኔ እዚህ ነፍሴ ልትወጣ ነው!… አልሳቅኩም። ሳቅ አይደለም። ዝም ብለው ይስሙኝ። አሁኑኑ ወደ ሰዎቹ ይመለሱ። ሁሉም ደብዳቤውን ይቅደድ። የእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ነው ይበሉ። … አዎ፣ እኔ መሆኔን ይናገሩ! ስም ካልተጠራ ሬዲዮ አያምንም። … የነገውን ለነገ እንተወው። … ጋሼ፣ ሙጫ ቀቢዋ ልጆች አሏት! ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ይሂዱ! ስልኩን አይዝጉት፣ ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት። ይሂዱልኝ።

— …

— እማዬ፣ ለምን ቆምሽ እዚያ?… ምን ሰማሽ?… አልሰማሽም፣ ጥሩ። አንድ ሰው ተሳስቶ እያረምነው ነው። … ስንት ሰዓት ሆነ? ሩብ ጉዳይ?… የፊት ለፊቱን በር ቀርቅሪው እስቲ። … እንዲሁ ነው። በቀን በር ይዘጋል ወይ አትበዪኝ፣ ንፋስ ነው፣ ወረቀቴን እየበተነብኝ ነው።

— …ሄሎ?… ጋሼ? ምን ይላሉ? እየጮሁ ነው፣ ይሰማኛል… አንድ ሰው ሳቀ እንዴ? ወይስ ማልቀስ ነው?… ሄሎ…

— አለሁ! ይንገሩኝ!… ቀደደችው? ራሷ ቀደደችው?… ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ። ሌሎቹስ?… አምስቱ ሬዲዮ እጅ ነበሩ። ሊሰጥላቸው ሰብስቦ? ለመጥፎ ነገር እግሩ እንዴት ይፈጥናል!… ነጠቋቸው። ሁሉንም? ቆጠሩ?… እፎይ። እፎይ ጋሼ፣ እንባዬ መጣ። … ይበሉ፤ ምን አሉኝ?… «እባብ»። ይበሉ። … «ቤቷን አውቀዋለሁ» ያለው ማነው?… ሬዲዮ። በሩን ዘግተናል። … ሙጫ ቀቢዋስ ምን አለች?… «ሕመሜን ለሰው ሁሉ አሳየችብኝ»። … እውነቷን ነው። ዓይኗን እንዴት አየዋለሁ? ነገ ከምዘናው በፊት፣ ከተፈቀደልኝ፣ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። … አይሆንም አይበሉኝ፣ እወድቃለሁ።

— በሉ አሁን የእርስዎን ይቅደዱልኝ። ሲቀደድ በስልክ ልስማው። … ይቅደዱት እንጂ!… የትኛውን ማለት? የእርስዎን ደብዳቤ። አልጻፉም ነበር?… ጽፈው ነበር። እና የት አለ?

— ሰጡት? መቼ?… ጠዋት? ከሁሉም በፊት?… ለምን ጋሼ፣ ለምን ሳይደውሉልኝ?!… «እያጠናሽ ነው፣ እንዳልረብሽሽ ብዬ»… ወይ ፈጣሪዬ! … «ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው ካለ አንዱን ይተዋሉ ተባለ፣ እኔ ልውጣና አንቺ ሥራሽ ላይ ቅሪ ብዬ»… ማን ነው የሚለው? ማነው ተባለ?!… ይቅርታ። ይቅርታ፣ በእርስዎ ላይ አልጮህኩም። … አለቅሳለሁ እንጂ ምን ላድርግ? እማዬን ምን ልበላት?

— ቆይ፣ እናስብ። ለማን ነው የሰጡት? ለጸሐፊዋ ከሆነ ገና መዝገብ ላይ… ለኃላፊው ራሱ። በእጁ። ማኅተም መታበት? ኮፒ ሰጥቶዎታል?… እሺ። እሺ፣ አይደንግጡ። እንዲያውም እሱ መሆኑ ደግ ነው! እሱ የልምምድ ሥራ መሆኑን ያውቃል፤ የፊት ገጹን እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሬዲዮ ያወራውን አልሰማ ይሆናል፣ እርስዎ በሌላ ምክንያት የለቀቁ መስሎት ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ሲመለስ ገብተው ይንገሩት፤ «ወይ ጉድ» ብሎ ወረቀቱን ይመልስልዎታል። እኔም እደውልለታለሁ። ይቆጣኛል፣ ይቆጣኝ። … ምን?… ዝርዝሩን ያውቃል? እንዴት ያውቃል?… ጠየቁት? «ዝርዝር አለ የሚባለው እውነት ነው ወይ» ብለው? ምን አለ?… «እኔ ምንም ማለት አልችልም፣ ብልህ ሰው ግን ቀድሞ ይወስናል»።

— …እንዲህ አለ?

— አለሁ ጋሼ። እያሰብኩ ነው። ስለ ሌላ ወረቀት ይሆናል። ምናልባት የእኔን ገና አላየውም፣ ከወረቀት ሥር ተቀብሮ… ምን?… ምኑን ረሱ?… «እንኳን ደስ አለሽ»? በምን?… የት አዩት?… ጠረጴዛው ላይ። ስሜን በትልቁ። እርስዎ በዚህ በኩል ቆመው፣ ተገልብጦ እያነበቡት። … በአረንጓዴ እስክሪብቶ… «ብቁ»።

— መቼ ነው የጻፈው? … እርስዎ ቢሮው ውስጥ ቆመው ሳለ? ዓይንዎ እያየ?… ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ ካርድዎ ሳያልቅ። የቱን ቀድሞ ነው የጨረሰው?… የእኔን።

— የእኔን ገጽ በገጽ አነበበ። «የልምምድ ሥራ» የሚለው ላይ ብቁ ብሎ ፈረመ። … ከዚያ፣ ቅነሳ እንደሌለ እያወቀ፣ የእርስዎን ደብዳቤ ሳብ አድርጎ ማኅተም መታበት።

— ሄሎ?… ጋሼ?…